ስለ በደልና ስለ ማታለል የምንናገርባቸው ቃላት
(ለወጣቶችና ለቤተሰብ የተዘጋጀ የቃላት ጥናት)



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ‹‹ጊልት›› የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ቢፈልግ ‹‹ጥፋተኝነት›› የሚል ፍች ያገኛል። ፍቹ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። እንግሊዝኛው ሰው የፈጸመውን ጥፋትና ያ ጥፋት በልቡ የሚያሳድርበትን ወቀሳ በአንድ ስም ይጠራል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል፤ የፊተኛው ጥፋተኝነት፣ የኋለኛው ጸጸት ይባላል። ልዩነቱም ከሰዋስው ያለፈ ነው፤ አጥፍቶ የማይጸጸት ሰው አለ፤ ሳያጠፋም ራሱን ሲወቅስ የሚኖር አለ። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለተማሪ ብቻ ሳይሆን በሽምግልና ለሚቀመጡ፣ በፍርድ ቤት ለሚመሰክሩና ልጅ ለሚያሳድጉ ሁሉ ይጠቅማል።

1. የበደል ስሞች

በደልን የምንጠራባቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ስሕተት ‹‹ሳተ›› ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ መንገደኛ ሳያስብ ከመንገድ እንደሚወጣ ነው። ጥፋት ‹‹ጠፋ›› ከሚለው የመጣ ነው፤ ‹‹መብራቱን አጠፋ›› እና ‹‹ልጁ አጠፋ›› የምንለው በአንድ ግሥ ነው። በደል ያለ ተበዳይ አይነገርም፤ ‹‹በደለ›› ሲባል ወዲያው ‹‹ማንን?›› ተብሎ ይጠየቃል። ግፍ ‹‹ገፍዐ›› ከሚለው የግእዝ ግሥ ይወጣል፤ ኃይለኛ በደካማ ላይ የሚያደርሰው በደል ነው። ወንጀል ሕግ የከለከለውና የሚቀጣበት ነው፤ እንግሊዝኛው ‹‹ክራይም›› ይለዋል። ኃጢአት ደግሞ እንግሊዝኛው ‹‹ሲን›› የሚለው ሲሆን፣ ‹‹ኀጥአ›› ማለት በግእዝ ‹‹አጣ›› ማለት ነው፤ ኃጢአተኛ ሊያገኘው የሚገባውን ያጣ ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መሬት በጠበበበት በደጋው አገራችን አንድ ገበሬ ሲያርስ ከድንበሩ አልፎ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ገባ እንበል። ድንበሩን ሳያውቅ ከሆነ ስሕተት ነው። እያወቀ የድንበሩን ድንጋይ ካነሣ ጥፋት ነው፤ መሬቱ ለተነካበት ጎረቤትም በደል ነው። ባለመሬቷ ረዳት የሌላት ባልቴት ከሆነች ግፍ ይባላል። ነገሩ በሕግ ተከስሶ በማስረጃ ሲረጋገጥ ወንጀል፣ በእግዚአብሔር ፊት ደግሞ ኃጢአት ይሆናል። እርሻው አንድ ሲሆን ስሙን የለወጠው የአራሹ ዕውቀትና የተበዳይዋ ሁኔታ ነው።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 አንድን ሰው በወንጀል ጥፋተኛ የሚያደርገው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ማድረጉ መሆኑን ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ኪሣራውን እንዲክስ ያዛል።

2. የማታለል ስሞች

መዋሸት ሐሰት መናገር ነው። መቅጠፍ ይብሳል፤ ቀጣፊ የሚባለው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ነው። ማታለል ግን ያለ ውሸትም ይፈጸማል፤ መልካሙን እህል ከላይ፣ ነቀዝ የበላውን ከሥር አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ አንዲት የሐሰት ቃል ባይናገርም አታላይ ነው። መሸንገል በጣፋጭ ቃል ልብን ማለዘብ ነው። ሸፍጥ ደግሞ በውል፣ በሒሳብና በሥራ የሚደረግ ጠማማነት ነው። እንግሊዝኛውም ‹‹ላይ››፣ ‹‹ዲሲቭ›› እና ‹‹ቺት›› እያለ ይለያያቸዋል።

የወንጀል ሕጉ በንብረት ላይ የሚፈጸሙትን ሦስት ነገሮች እንዴት እንደሚለይ ልብ እንበል። ሌባ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ይወስዳል (አንቀጽ 665)። እምነት አጉዳይ ባለቤቱ አምኖ የሰጠውን ለራሱ ያደርጋል (አንቀጽ 675)። አታላይ ግን ባለቤቱ ተሸንግሎ በገዛ እጁ እንዲሰጠው ያደርጋል (አንቀጽ 692)። በሦስተኛው ተበዳዩ ራሱ ስለ ሰጠ በዳይ የሆነ ይመስለዋል፤ አፍሮም ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሚወርዱ፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር ለሚነሡ ወጣቶች ትልቅ አደጋ ነው። ደላላ ያልሆነ ተስፋ ሰጥቶ የላከው ወጣት ተጎድቶ ሲመለስ ‹‹እሺ ያልሁት እኔው ነኝ›› እያለ ራሱን ይወቅሳል። ዳሩ ግን በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሰውን የመነገድ ወንጀል ፕሮቶኮል በማታለል የተገኘን እሺታ ከቁጥር አያስገባውም። ቤተሰብም ‹‹ሞኝ ሆነህ ነው›› ከማለት ይልቅ ‹‹ተበድለሃል›› ቢለው ጥፋቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

3. ማመንና መካድ

በአማርኛ ‹‹አመነ›› ማለት እምነት ያዘ ማለት ነው፤ ጥፋቱን ተናዘዘ ማለትም ነው። ‹‹ካደ›› ማለት ሃይማኖቱን ተወ፣ ወዳጁን ከዳ፣ ብድሩን ‹‹አልወሰድሁም›› አለ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት አሉት። በፍርድ ቤት ክስ ከተነበበ በኋላ ተከሳሹ የሚሰጠው መልስ እንኳ ‹‹የእምነት ክህደት ቃል›› ይባላል።

ይሁን እንጂ ያላመነ ሁሉ ከሃዲ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በማስረጃ እስኪረጋገጥበት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዛል። ይህ ጥበቃ ለምን እንዳስፈለገ የአገራችን ታሪክ ያሳያል። በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ በሚባለው ልማድ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይያዝ ነበር። በአውጫጭኝ ደግሞ ሕዝቡ ተሰብስቦ እየማለ ጥፋተኛውን ያፈላልግ ነበር፤ ቂመኛ ካለበት ግን ንጹሑም ሊጠቆም ይችል ነበር። ዛሬም በሐሰት የሚመሰክር ሰው ያንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ አንቀጽ 453 የሚቀጣውም ስለዚህ ነው።

4. ጸጸት፣ ቁጭት፣ እፍረት

‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው ተረት ቁጭት ምን እንደ ሆነ በደንብ ያሳያል። ይህ ሰው የተቆጨው ሳይሰርቅ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ቁጭት ሁሉ ጸጸት አይደለም። እፍረት ደግሞ በሰው ዓይን ፊት የሚመጣ ነው፤ ጸጸት ግን ማንም ሳያይም ይመጣል። እንግሊዝኛው ጸጸትን ‹‹ሪሞርስ›› ይለዋል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ‹‹ደግሞ መንከስ›› ማለት ነው።

ጸጸትም ብቻውን አይበቃም። ይሁዳ ተጸጸተ፤ ሠላሳውንም ብር መለሰ፤ ነገር ግን ተስፋ ቆረጠ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ አልቅሶ ግን ተመለሰ። ዘኬዎስም አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ንስሐ የሚባለው ይህ መመለስ ነው።

5. ስምን ማቅለል

በደል ቀላል ስም ሲሰጠው ይሰነብታል። ጉቦ ‹‹የሻይ›› ወይም ‹‹እጅ መንሻ›› ይባላል፤ ሚስትን መምታት ‹‹ንዴት ነው›› ይባላል። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ጠለፋ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ቢያገባ ከቅጣት ይድን ነበር፤ ግፉ ‹‹ጋብቻ›› በሚለው ስም ይሸፈን ነበር። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጋብቻው ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን ይደነግጋል።

ለሽማግሎችም ትምህርት አለው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ለይቅርታ ሲቀርብ ‹‹ተሳስቻለሁ›› ቢል ተበዳዩ አይረካም፤ ሆን ብሎ የተደረገ ነገር ስሕተት አይደለምና። ‹‹አጥፍቻለሁ፤ በድዬሃለሁ›› ብሎ ካሳውን ሲያቀርብ ግን ዕርቁ ይጸናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ በዳይ የጥፋቱን ስም በገዛ አፉ ሲጠራ ተበዳይ ቂሙን ለመተው ይቀለዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በመንደራችን ቀላል ስም የተሰጣቸው በደሎች የትኞቹ ናቸው? ትክክለኛ ስማቸውስ ምንድን ነው?

ለ. በደላላ ተታልሎ የተመለሰ ልጅ ቢኖረን በምን ቃል እንቀበለው?

ሐ. በቁጭትና በጸጸት መካከል ያለውን ልዩነት ከዕለት ኑሮ በሁለት ምሳሌ አስረዱ።