የነርሲንግ ትምህርት ግቡን መምታቱን በምን እናውቃለን?

የዛሬው ርዕሳችን የነርሲንግ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ነገ አልጋ ላይ የምንተኛው ሁላችንም ነን፤ ጉዳዩ የአማና ጉዳይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ የአንድን ትምህርት ክፍል ጥራት ለማወቅ «ስንት ሰው አሳለፈ?» ብሎ መጠየቅ ለምዶብናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የጉዳዩን ጥቂት ክፍል ብቻ ያሳያል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያን ብቃት በአራት ደረጃ አስቀምጦታል፦ ማወቅ፣ አሠራሩን ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በእውነተኛው ሥራ ላይ መተግበር። እጅ መታጠብን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ንጽሕና የሚጠበቅባቸውን አምስት ጊዜያት ዘርዝሯል፦ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ከጀርም ነፃ መሆን ያለበትን ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። እነዚህን በምርጫ ጥያቄ መለየት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዋርዱ ሞልቶ፣ ማንም ሳያይ መታጠብ ግን አራተኛው ነው። የመውጫ ፈተና እዚያ አይደርስም።

ለሦስተኛው ደረጃ ኦስኪ አለ። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ዳንዲ ያስተዋወቁት ፈተና ነው፤ ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ይሠራል፣ ፈታኙም ሁሉንም በአንድ ዓይነት መመዘኛ ያርማል። እኔ ከፈተናዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ሆኖም እየታየ የሚሠራ ሰው መጠንቀቁ አይቀርም።

እኛ ሲቪሎች ኮንክሪት ስንፈትሽ የሲሚንቶውን የፋብሪካ ወረቀት አይተን አናልፍም። ከቡኬቱ ናሙና ወስደን በ28ኛው ቀን በማሽን ጨፍልቀን እንለካዋለን። (ያም ቢሆን ውኃ ውስጥ የቆየ ናሙና እንጂ ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ አይደለም።) የሎግ ቡክ ፊርማም እንደ ፋብሪካው ወረቀት ነው፤ ፊርማው ስላለ ብቻ ሥራው በአስተማሪ ዓይን ታይቷል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ አንድ ትምህርት ክፍል ራሱን መገምገም ከፈለገ ተመራቂው ሥራ ከጀመረ ከወራት በኋላ መከታተል አለበት። የዋርድ ኃላፊዋን «ምን እንደገና ልታስተምሩት ተገደዳችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ተመራቂውንም እንዲሁ። እናንተም በሴሚስተሩ መጨረሻ የግምገማ ቅጽ ሲሰጣችሁ «መምህሩ ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ካቴተር ስንት ጊዜ እንዳስገባችሁ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን አስተማሪ ቆሞ እንዳየ በቁጥር ጻፉ።