«ካይንዳ» ለቀለም ይሁን

በእንግሊዝኛ በተደረገልኝ የመጀመሪያ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኤክሴል ትችላለህ?» ተባልኩ። አራት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቴን ፔሮል የሠራሁት በኤክሴል ነበር። መልሴ ግን «አይ ካይንዳ ኖው ኢት» ሆነ። ለእኔ ትሕትና ነበር፤ ጠያቂዬ የሰማው ግን «እምብዛም አልችልም» የሚል ነው። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

«ካይንዳ» ማለት «ካይንድ ኦፍ» በንግግር ሲፈጥን ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ዓይነት» ይሆናል፤ አገልግሎቱ ግን የእኛን «ቢጤ» ይመስላል፤ «ካይንዳ ግሪን» አረንጓዴ ቢጤ ነው። «አይም ካይንዳ ታየርድ» ሲሉም «ደከም ብሎኛል» እንደምንለው ማለዘባቸው ነው። እንግሊዞች «ሶርት ኦፍ» ማለት ይቀናቸዋል፣ ትርጉሙ ያው ነው። ጆርጅ ሌኮፍ የተባለው የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ነገርን የሚያደበዝዙ ወይም የሚያጠሩ ቃላትን «ሄጅ» ብሏቸዋል፤ አጥር እንደ ማለት።

አጥሩ በቦታው ሲሆን ያምራል። ጓደኛችሁ የሠራችው ወጥ ጨው ከበዛበት «ኢትስ ካይንዳ ሶልቲ» ማለት ደግነት ነው። አለቃችሁ «አይ ካይንዳ ኒድ ኢት ቱዴይ» ካለች ደግሞ ነገ ይደርሳል ብላችሁ እንዳትዘናጉ! ልስላሴው ለጨዋነት ነው፤ ሥራው የሚፈለገው ዛሬ ነው።

የሚጎዳን ሙያችንን ስናጥርበት ነው። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን፤ እኔ በዚህ አስተዳደግ እኮራለሁ። ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ይመሰክርልናል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ከእኛ ሌላ የሚመሰክርልን የለም።

ማጋነንም አያስፈልግም፣ ልኩን መናገር ይበቃል። በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ «አራት ዓመት ፔሮል ሠርቼበታለሁ፤ ማክሮ ግን አልሞከርኩም» አልኩ። ጠያቂዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ ፔሮሉን እንዴት እሠራ እንደነበር ትጠይቀኝ ጀመር።

እናንተም ዛሬ ማታ ስለምትችሉት ሥራ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ። «ካይንዳ» ካለበት ሰርዙትና በቦታው የሠራችሁበትን ዓመት አስገቡ። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።