ፈላሕ፤ የግብፅ ገበሬና ውሃው

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አንዱን አስቁሞ ስለ ግብፅ የሚያውቀውን እንዲናገር ቢጠይቁት፤ በመጀመሪያ ፒራሚዱን፤ ቀጥሎ ፈርዖንን፤ በመጨረሻም የዓባይን ክርክር ያነሣል። በፈርዖንና በክርክሩ መካከል ባለው ብዙ ሺህ ዓመት በዚያ አገር ማን ሲያርስ፤ ምን ሲበላ፤ ለማን ሲገብር እንደኖረ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማሰናዳት እስከተነሣንበት ቀን ድረስ ከእርሱ የተሻልን አልነበርንም። ስለዚህ የነገሥታቱን ነገር በአጭሩ አልፈን፤ ስለ ገበሬው ሰፋ አድርገን ለመጻፍ አሰብን። ገበሬውን እነርሱ ፈላሕ ይሉታል፤ አራሽ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አገሩ በካርታ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል። ነገር ግን ካርታው ያታልላል። ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ምድር በዳ ነው፤ ሕዝቡም በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚኖረው በቀረው ጠባብ ስፍራ ነው። ከአስዋን እስከ ካይሮ ወንዙ በሁለት የበዳ ግድግዳዎች መካከል ይወርዳል፤ አረንጓዴው መሬት በአንዳንድ ስፍራ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ አንድ እግር በስንዴ ማሳ ላይ፤ ሌላው በአሸዋ ላይ ሊቆም ይቻላል። ከካይሮ በስተ ሰሜን ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ፤ አንዱ በረሺድ ሌላው በዱምያጥ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በሁለቱ መካከልና ዙሪያ የተዘረጋው ለም ሜዳ ዴልታ ይባላል። ደቡቡን ላይኛው ግብፅ፤ ሰሜኑን ታችኛው ግብፅ ማለታቸው ካርታን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ለለመደው ተማሪ ግራ የሚያጋባ ነው፤ አጠራሩ የውሃውን መውረድ የተከተለ ነው እንጂ ስሕተት የለበትም።

ዝናብ የሚባለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በካይሮ በዓመት የሚጥለው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም እኛ አዲስ አበባ ላይ በክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ የምናገኘው ነው። እንግዲህ የግብፅ ገበሬ ሰማይን አንጋጦ አያውቅም፤ ዓይኑ ወንዙ ላይ ነው። ወንዙም የሚሞላው እርሱ በማያየው ደጋ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ በዓባይ፤ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። ደለሉማ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእኛ ነው። ከጎጃም፤ ከወሎ፤ ከወለጋና ከትግራይ ተራራ ታጥቦ የሄደው አፈር የዴልታው ሜዳ ሆኗል። የእኛ ገበሬ ከማሳው ጠፋብኝ ብሎ ያዘነበትን አፈር የዚያኛው ገበሬ ሲመጣለት በዘፈን ይቀበለው ነበር።

የጥንቱ አስተራረስ እንዲህ ነበር። ሙላቱ በሐምሌ ጀምሮ በመስከረም ከፍ ይላል። ገበሬዎቹ ሜዳውን በአፈር ካብ ከፋፍለው እንደ ገበታ ያደርጉታል፤ ውሃው ሲመጣ በቦይ ያስገቡትና ከአርባ እስከ ስድሳ ቀን ያህል ያስተኙታል። ደለሉ ይዘቅጣል፤ ውሃው ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ በርጥቡ ጭቃ ላይ ስንዴ፤ ገብስ፤ ባቄላ፤ በርሲም የሚሉትን የከብት መኖ ይዘራሉ። እስከ መከር ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ሙላቱ የማሳውን ወሰን ሁሉ ስለሚደመስስ በየዓመቱ መሬት በገመድ ይለካ ነበር። የጂኦሜትሪ አስተማሪዎቻችን ትምህርታቸው ከዚህ ጭቃ ጭምር መነሣቱን ቢነግሩን ኖሮ ምናልባት በትምህርቱ ያነሰ እንጠላቸው ነበር።

ሙላቱ በዝቶ ሲመጣ መንደር ይወስዳል፤ ሲያንስ ረኃብ ነው። ስለዚህ ከፍታውን መለካት የመንግሥት ሥራ ነበር። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት ላይ በ861 የተሠራው የወንዝ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በጉድጓድ መካከል ያለ በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ ነው። ውሃው አሥራ ስድስት ክንድ ሲደርስ አዋጅ ይነገራል፤ የቦዩ አፍ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ይደሰታል፤ ግብር ሰብሳቢውም ይደሰታል፤ የዓመቱ ግብር የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነውና። በ1200 ሙላቱ ባለመምጣቱ የደረሰውን እልቂት በዚያ የነበረው ሐኪም ዐብደ አልለጢፍ አልበግዳዲ አይቶ ጽፎታል፤ ሰው የሰው ሥጋ እስከ መብላት ደርሶ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ ወንዙን ወደ ሌላ ሊመልሰው አስቦ ነበር የሚለው የእኛ ተረት የሚነገረው ስለዚያው ዘመን ገደማ መሆኑ ያስገርማል። ለእኛ የኩራት ተረት የሆነው ነገር ለእነርሱ በሌሊት የሚያባንን ነበር።

ስለ ገዢዎቹ ዝርዝር ብዙ አንልም። እስክንድር በ332 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከገባ ጀምሮ ግሪኮች፤ ሮማውያን፤ በ639 የዘመቱት ዐረቦች፤ ካይሮን በ969 የቈረቈሩት ፋጢሚዶች፤ ማምሉኮች፤ ከ1517 ጀምሮ ቱርኮች ተፈራርቀውበታል። ሃይማኖቱ ተለወጠ፤ ቋንቋውም ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ ተለወጠ፤ አራሹና የወሩ ስም ግን አልተለወጡም። ይህን የምንለው ለማስዋብ አይደለም። የግብፅ ገበሬ፤ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፤ የእርሻውን ሥራ ሲቈጥር የኖረው በቅብጥ ወሮች ነው፤ በቱት ይጀምራል፤ በሃቱር ስንዴ ይዘራል፤ በቱባ ይበርደዋል፤ በአምሺር ነፋስ ይመታዋል። ቱት የእኛ መስከረም፤ ሃቱር ኅዳር፤ ቱባ ጥር፤ አምሺር የካቲት ነው። ወሮቹ አሥራ ሦስት ናቸው፤ ጳጉሜንም አላቸው። ልዩነታችን በዓመቱ ቍጥር ነው፤ እነርሱ በዓመተ ሰማዕታት ስለሚቈጥሩ ከእኛ 276 ዓመት ያንሳሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ጳጳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀ ጳጳስ እስከ ሆነበት እስከ 1951 ድረስ ጳጳሶቻችን ከዚያ ይመጡ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በመሐመድ ዐሊ ነው። ይህ ከ1805 እስከ 1848 የገዛ ሰው በ1820ዎቹ ረጅም ጭረት ያለውን ጥጥ አስተከለ። ጥጥ የበጋ ተክል ነው፤ ውሃ የሚፈልገው ወንዙ ዝቅ ባለበት ወራት ነው። ስለዚህ ጥልቅ ቦዮች መቈፈር ነበረባቸው፤ ቈፋሪውም በግዳጅ የሚነዳው ፈላሕ ነበር። የስዌዝ ካናል ሥራ በ1859 ሲጀመርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቈፈረው ይኸው ሰው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት የጥጥ ዋጋ በ1861 እና በ1865 መካከል ወደ ላይ ሲወጣ ገዢዎቹ ከበሩ፤ ዋጋው ሲወርድ ዕዳ ቀረ፤ በዕዳውም ሰበብ ጭምር እንግሊዞች በ1882 ገቡ።

በዚህ ዘመን ከሆነው ሁሉ አንዲት መንደር ላይ የደረሰችው ነገር የገበሬውን ሁኔታ ከማናቸውም ዝርዝር ይልቅ ታስረዳለች። በሰኔ 1906 ጥቂት የእንግሊዝ መኰንኖች ዲንሸዋይ በተባለች የዴልታ መንደር ርግብ ሊያድኑ ሄዱ። የግብፅ ገበሬ ርግብ የሚያረባው በጭቃ በተሠራ ረጅም ግንብ ውስጥ ነው፤ ሥጋዋ ይበላል፤ ኵሷ ማሳ ያዳብራል፤ እንግዲህ ርግቧ እንደ ዶሮ ንብረት ናት። ግርግር ተነሣ፤ አንዲት ሴት በጥይት ቈሰለች፤ መንደርተኛው መኰንኖቹን በዱላ ደበደበ፤ አንዱ መኰንን ሮጦ ሲሄድ ፀሐይ መትታው ሞተ። በልዩ ፍርድ ቤት አራት ገበሬዎች እንዲሰቀሉ፤ ሌሎች እንዲገረፉና እንዲታሰሩ ተፈረደ፤ ፍርዱም በዚያው ወር በመንደሪቱ፤ በቤተ ሰባቸው ፊት ተፈጸመ። የአገሩ የነፃነት ንቅናቄ ከዚህ ብዙ ኃይል አግኝቷል፤ ለንደን ላይም ጭቅጭቅ ሆነ፤ የእንግሊዙ ሹም ሎርድ ክሮመር በሚከተለው ዓመት ሥራውን ለቀቀ።

በ1952 ወታደሮቹ ንጉሡን ሲያወርዱ ከመቶ አንድ የማይሞሉ ባለርስቶች የእርሻውን መሬት አንድ ሦስተኛ ያህል ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም የወጣው አዋጅ አንድ ሰው ከ200 ፈዳን በላይ እንዳይዝ ከለከለ፤ ወሰኑ በ1961 ወደ 100፤ በ1969 ወደ 50 ወረደ። አንድ ፈዳን 4200 ሜትር ካሬ ነው። ጭሰኛውም ከመሬቱ እንዳይነቀል ተደረገ። ይህ ጥበቃ ግን በ1992 በወጣ ሕግ ተሽሮ ከ1997 ጀምሮ ባለርስቱ ጭሰኛውን ለማስወጣት መብት አገኘ። መሬት ለአራሹ የሚለውን ጩኸት ከዚሁ ግቢ የወረስን ስለ 1952ቱ ብዙ እናውራ እንጂ ስለ 1997ቱ ስንናገር አልተሰማንም።

ከዚያ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ መጣ። ሥራው በ1960 ተጀምሮ በ1970 አለቀ። ከ1964 በኋላ ሙላቱ እንደ ጥንቱ ወርዶ አያውቅም፤ ያ ሁሉ ሺህ ዓመት የነበረ ነገር በአንድ ትውልድ ዘመን ቆመ። ጥቅሙን ማቃለል አይገባም፤ የሙላቱም የድርቁም ፍርሃት ቀለለ፤ መንደር ብርሃን አገኘ፤ በአንድ ማሳ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመረታል። ነገር ግን ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለቀረ ገበሬው ማዳበሪያ ገዢ ሆነ፤ የዴልታውን ጠረፍ ባሕር ይበላው ጀመር፤ ኀምሳ ሺህ ያህል የግብፅ ኑብያውያን መንደሮቻቸው በሐይቁ ተውጠው ወደ ኮም ኦምቦ ተዛወሩ። የጭቃውን ቤት ትቶ በቀይ ሸክላ መሥራት ሲለመድ ሸክላው የሚሠራው ከማሳው የላይ አፈር ስለነበረ መንግሥት በ1980ዎቹ ይህን በሕግ ከለከለ። አዲስ ደለል የማይመጣለት አገር መሬቱን ጠብሶ ቤት ሲሠራበት ማየት በእውነት የሚያሳዝን ነው።

ወደ ገበታው እንምጣ። የፈላሕ ቍርስ ባቄላ ነው፤ ፉል ይሉታል፤ ሌሊቱን በጠባብ አፍ ድስት በቀስታ ሲበስል ያድርና ጧት በዘይት፤ በከሙንና በሎሚ ይበላል። ታዕሚያም ሌላው አገር በሽምብራ ሲሠራው እነርሱ በባቄላ ይሠሩታል። ሻዩ ጥቁርና ስኳር የበዛበት ነው። እንጀራቸው ዳቦ ነው፤ ሌላው ዐረብ ኹብዝ ሲል ግብፃዊው ዓይሽ ይለዋል፤ ዓይሽ ማለት ኑሮ፤ ሕይወት ማለት ነው። መንግሥት በ1977 በጥር ወር የምግብ ድጎማ ሊቀንስ ሲሞክር ከተሞች ተነሥተው በቀናት ውስጥ ውሳኔውን አስሽረውታል። በድጎማ የሚሸጠው ዳቦ ከ1980ዎቹ ጀምሮ 5 ቂርሽ ሆኖ ቆይቶ በሰኔ 2024 ወደ 20 ቂርሽ ወጣ። የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ደግሞ ሸም አን ነሲም የሚሉት በዓል ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ወደ መስክ ወጥቶ ጨው ውስጥ የቆየ ዓሣ፤ ሽንኵርትና ቀለም የተቀባ ዕንቍላል ይበላል። ስለ ዓሣው ሽታ የሰማነውን አንጽፍም።

አሁን ሕዝቡ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። በ1959 ከሱዳን ጋር በተደረገው፤ እኛ ባልተጠራንበት ውል ለግብፅ የተጻፈው 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ለ100 ሚሊዮን ቢካፈል ለአንድ ሰው 555 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የእኛ ግድብ የሚገባን መሆኑን አንጠራጠርም፤ ያ ውል ፍትሕ የጎደለው መሆኑንም እንዲሁ። ሆኖም በካይሮ የሚናገረው ሹምና በቦይ ዳር የቆመው ገበሬ አንድ አይደሉም። የገበሬው ክርክር በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ነው። ውሃው በተራ ይለቀቃል፤ ጥቂት ቀን ቦዩ ይሞላል፤ ጥቂት ቀን ይዘጋል። በቦዩ ራስ ያለው ገበሬ ቀድሞ ፓምፑን ይተክላል፤ ሩዝ ከተፈቀደለት በላይ ይዘራል። በቦዩ ጫፍ ያለው የሚደርሰው ጭቃ ነው፤ ወይ ከማሳ የወጣውን ጨዋማ ፍሳሽ መልሶ ይስባል፤ ወይ ሌሎቹ ሲተኙ በሌሊት ፋኖስ ይዞ ወጥቶ የቦዩን ውሃ ይጠብቃል።