ለ6ኛ ክፍል ልጅዎ አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የ6ኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተና፣ አዲስ አበባ ላይ ከተማ አቀፍ የሚባለው፣ ሲቃረብ ወላጅ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ከላይ የወረደ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ የ11 ዓመት ልጁን ማታ ለአስጠኚ፣ ቅዳሜ ለቱቶሪያል፣ እሑድ ለዎርክሺት ቢሰጥ አይፈረድበትም። ገንዘብዎንና የልጅዎን ጊዜ ከመስጠትዎ በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን ያጣሩ።

ከሁሉ በፊት ማንበብ መቻሉን ይዩ። ከአማርኛ መጽሐፉ ገና ያልተማረውን ገጽ ገልጠው ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው “ምን ይላል?” ብለው ይጠይቁት። ፊደል እየለቀመ የሚያነብ፣ ወይም አሳምሮ አንብቦ ያነበበውን መናገር የሚያቅተው ልጅ ሒሳቡም ሳይንሱም ይከብደዋል፤ ጥያቄውን የሚያገኘው አንብቦ ነውና። እንዲህ ያለውን ልጅ የቆዩ ፈተናዎች ሲያሠሩት ቢከርሙ መልስ ይሸመድዳል እንጂ ክፍተቱ አይሞላም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አብሮት የሚያነብ ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ያ ሰው ታላቅ እህቱም ልትሆን ትችላለች። ሰነፍ ነው ብለው ደግሞ አይፍረዱበት። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው ከ10 የኢትዮጵያ ልጆች 9ኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ሳይወድቁ እንዲዛወሩ የተደረገው ክፍተታቸው እዚያው እንዲሞላ ታስቦ ነበር። ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል ምዘናው ለይስሙላ ሲሆን ዝውውሩ ብቻ ይቀራል። የ2ኛ ክፍል ክፍተት 6ኛ ክፍል ላይ የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

ሪፖርት ካርዱ ላይ ደረጃውን ይለፉት። “15ኛ ወጣ” የሚለው ስለ ክፍል ጓደኞቹ እንጂ ስለ እውቀቱ ብዙ አይነግርዎትም። የታረሙ የቴስትና የፋይናል ወረቀቶቹን ሰብስበው የት የት እንደተሳሳተ ያስተያዩ። ማካፈል ያልገባው ልጅ ክፍልፋይም፣ መቶኛም ላይ ይወድቃል፤ ወላጅ ሦስት ድክመት ያየበት ቦታ ሥሩ አንድ ነው።

ቋንቋውንም ይጠይቁ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስን ከታች ጀምረው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ፈተናው በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ከርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ይረዱ፤ ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ የሚያደናቅፈው ልጅ አለ።

የእንቅልፉን ሒሳብ በደንብ ይሥሩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሰርቪስ የሚጠብቅ ልጅ፣ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው። አስጠኚው ከ12 እስከ 2 ሰዓት ከቆየ፣ እራቱና የቤት ሥራው በቀረችው አንድ ሰዓት አያልቁም። ጨዋታ የሚባል ነገርማ ጭራሽ የለም። ፈተና ባለበት ጠዋት ሁሉ “ሆዴን አመመኝ” የሚል ልጅም ሰበብ እየፈለገ ነው ብለው አይለፉት፤ ፍርሃት እውነተኛ የሆድ ሕመም ያመጣል።

ይህን ሁሉ አይተው አስጠኚ ያስፈልጋል ካሉ፣ የመጀመሪያ ቀን ምን እንደሚጠይቅ ያስተውሉ። ደብተሩንና የታረሙ ወረቀቶቹን ልይ የሚለውን ይያዙ፤ ጥራዝ ሙሉ የምርጫ ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ያሰናብቱ። ስምምነቱ ለሁለት ወር ይሁን፤ ሲያልቅ ያንኑ የንባብ ሙከራ ራስዎ ይድገሙት። የክፍል መምህሩ በክፍያ ላስጠናው ካለዎት ግን፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በአክብሮት እምቢ ይበሉ። ማርክ የሚሰጠውም ከእርስዎ የሚከፈለውም አንድ ሰው ከሆነ ሪፖርት ካርዱን ማመን አይችሉም፤ ለአስጠኚ የማይከፍሉት የጎረቤትዎ ልጆችም በዚያው ክፍል ተቀምጠዋል።