ውርንጭላን ጸጥ ብሎ እንዲቆም ስለ ማስተማር



በአገራችን ፈረስ የተከበረ እንስሳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፥ ልዑል ራስ መኮንንም «አባ ቃኘው» ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስም ነው። በአህያ ስም የተጠራ ጀግና ግን አልሰማሁም፤ እንዲያውም ሰው ሲሳደብ «አህያ!» ይላል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ሁሉ ትቀድማለች፤ የእኔም ደብተርና እርሳስ የሚገዛው አህያ ሠርቶ ባመጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ውርንጭላ ሲጫን ጸጥ ብሎ እንዲቆም እንዴት እንዳስተማርሁት፥ አስቀድሞም እንዴት እንዳበላሸሁት ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

ቤታችን ከሸዋ በር ብዙ አይርቅም። ሸዋ በር፥ በሐረሪዎች አጠራር አስማዲን በሪ፥ ከጁገል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው። እናቴ ከበሩ ውጭ ካለው ገበያ የሰው እህል ወደ ወፍጮ በማመላለስ ታሳድገናለች። ያለችን አንዲት ያረጀች አህያ ስትሆን፥ ተተኪዋ ቡላ የተባለው ልጅዋ ነው።

ቡላን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጭነት ያወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነበር። ጆንያውን ሳስጠጋው ዳሌውን ያሸሻል፤ ስከተለው ይዞራል። ተናድጄ ገመዱን አሳጥሬ ያዝሁና በዱላ መታሁት። ወዲያው አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ። ቡላ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ጆንያው ተቀደደና የሰው ማሽላ በጭቃ ላይ ፈሰሰ። ዋጋውን የከፈለችው እናቴ ናት። ማታ በምድጃው አጠገብ ተቀምጣ «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ መቆም ካልለመደ ይሸጣል» አለች። ይህ ቃል እጅግ አሳዘነኝ፤ ቡላ በተወለደ ሌሊት በጨርቅ ጠርጌ ያደረቅሁት እኔ ነበርሁና።

በገበያው አህያ ሲጭኑ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ አይተው ኖሮ፥ በማግስቱ ጠሩኝ። የቡላን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን ተመለከቱ። መካከለኞቹ የፊት ጥርሶች ተለውጠዋል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ግን ገና የወተት ጥርሶች ነበሩ። «ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። መቆሙን አሁን ይማር፤ ሙሉ ጭነት ግን ዓመት ይቆየው፤ አጥንቱ ገና አልጠናም» አሉኝ። ቀጥለውም «ልጄ፥ አንተ መታኸው እንጂ ምን እንደምትፈልግ መች ነገርኸው?» አሉ። መልስ አላገኘሁም።

ከእርሳቸው ምክርና ከራሴ ሙከራ ያገኘሁት ትምህርት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ስለ አቀራረብ። የአህያ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው በስተኋላው ያለውንና በግንባሩ ፊት በጣም የቀረበውን ነው። ስለዚህ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መቅረብ ይገባል። ደግሞም ፈረስ ሲፈራ መሸሽ ይቀናዋል፤ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነገሩን ያጤናል። እኛ እልኸኛ የምንለው ፈርቶ ሲያስብ ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ ገመድ። በደልዳላ መሬት ላይ ጥቂት አራምጄ እቆምና «ቁም!» እለዋለሁ። እንደ ቆመ ወዲያውኑ ገመዱን አላላለታለሁ፤ የገመዱ መላላት ሽልማቱ ነው። ቢንቀሳቀስ ሳልቆጣ ወደ ነበረበት ስፍራ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ እስከ ሦስት፥ ቀጥሎ እስከ ዐሥር፥ በኋላም እስከ መቶ እየቈጠርሁ አቆምሁት። ትምህርቱ ጧት ዐሥር ደቂቃ፥ ማታ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ሽማግሌው የሚናገሩት በኦሮምኛ፥ እኔ የምናገረው በአማርኛ ነው፤ አህያው የሚፈልገው ግን ቃሉ ሁልጊዜ አንድ እንዲሆን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ አራቱ እግሮች። አንዱ እግር ወደ ኋላ ከቀረ ጭነቱ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ጭነትም ጀርባ ይልጣል። የቀኝ የፊት እግሩን ለማስተካከል ራሱን በቀስታ ወደ ግራ እመልሰዋለሁ፤ ክብደቱ ወደ ግራ ሲያልፍ ቀኙ ይቀልለዋል። በአሜሪካ ቁመታቸው ከ86 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ፈረሶች ለውድድር ሲቀርቡ በአራት እግራቸው ተስተካክለው እንዲቆሙ ይማራሉ። የእነርሱ ለውበት ነው፤ የእኛ ለጀርባ ጤና ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

አራተኛ፥ ስለ ጭነት። ባዶውን ጆንያ አስቀድሜ አሸተትሁት፤ አንገቱንና ጎኑን ዳበስሁበት፤ በድብዳቡ ላይ ጣል አድርጌ ሳይሸሽ አነሣሁት። ከዚያ በኋላ ጭድ ሞልቼ በግራና በቀኝ እኩል አድርጌ ጫንሁት።

አምስተኛ፥ ስለ ስፍራ። በግቢያችን እንደ ድንጋይ የሚቆመው ቡላ ከሸዋ በር ሲደርስ ሁሉን የረሳ መሰለኝ። በተለይ ማለዳ በግንቡ ሥር መሬቱን እያሸተተ ይንቀጠቀጥ ነበር። በከተማችን ጅብ በሌሊት እንደሚዘዋወር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽማግሌው «በሚፈራበት ቦታ አታስተምረው» ስላሉኝ ሃያ እርምጃ ያህል ከግንቡ አራቅሁትና እናቱን ከጎኑ አቆምሁለት። በየቀኑም አንድ አንድ እርምጃ አቀረብሁት።

ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፉ። በጳጉሜን ውስጥ በዋለው ቅዳሜ እናቴ ራስዋ መጣች። ገበያው ሞልቶ ነበር። «ቁም!» አልሁት፤ ገመዱንም አላላሁ። እናቴ ግማሽ ጆንያ ማሽላ በሁለት ከፍላ በግራና በቀኝ ስታስር ቡላ ጆሮዎቹን ብቻ እያዞረ ቆመ። ባጃጅም ጡሩምባ እየነፋ አለፈ፤ እርሱ ግን አንድ እግር እንኳ አላነሣም። እናቴ ምንም ሳትናገር አቧራውን ከግንባሩ ጠረገችለት። የመሸጡም ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

እውነቱን ለመናገር ቡላ ዛሬም እናቱ ከፊቱ ስትሄድበት ይቁነጠነጣል፤ ሙሉ ጭነትም አልተሸከመም። እኔም ዱላ ማንሣት የሚያምረኝ ቀን አለ። ነገር ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባል የለምን? በእኔ ዘንድ ነገሩ ተገላብጦ፥ በራሴ አለማወቅ አህያውን ስመታ ነበር። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ሌላውን ከመቆጣታችን በፊት የምንፈልገውን በሚገባው መንገድ ነግረነው እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።