የወፍ አዳኝ የማደሪያ ስፍራ

በሕግ ፈቃድ ጅግራና ቆቅ ሊያድን ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሌሊቱን በሜዳ ማደሩ አይቀርም። ጅግራ ፀሓይ ስትጠልቅ ብዙ ጊዜ በውሃ አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ስለምታድር፥ አዳኙም በዚያው በወንዙ ዳር ሊያድር ይመኛል። ነገር ግን በዚህ ስፍራ ሁለት የሞት ወጥመድ አለ።

አንደኛው ደራሽ ውሃ ነው። በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ በደጋው የዘነበው ዝናም በሌሊት ድንገት ይወርዳል፤ በደረቁ አሸዋ ላይ የተኛውንም ጠርጎ ይወስዳል።

ሁለተኛው ወባ ነው። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. የወባን ተሐዋስያን በቢንቢ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ ይህችም ቢንቢ ሰውን የምትነክሰው በሌሊት ነው።

ስለዚህ በውሃ ዳር አድኖ ከውሃ ርቆ በከፍታ ማደር፥ በአጎበርም መከለል ይገባል። መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን ለልጆች ያስረዱ፤ ወፍ ነገም ይገኛል፥ ነፍስ ግን አንዲት ናት።