ፊት ሳይታይ መግባባት
በአሜሪካ አገር የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ሳሙኤል ግሪን፣ «አንባቢን በወዳጅነት ተቀበሉት» የሚል ምክር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ዛሬ ብዙ ጠያቂ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ጽፎ ይጠይቃል፤ ሠራተኛውም ጽፎ ይመልሳል። ፊት አይታይ፣ ድምፅ አይሰማ። ታዲያ መግባባት ከየት ይመጣል?

የሥራው ባለሙያዎች እንዲህ ይላሉ፦ ሰላምታ አስቀድም። ጥያቄው ካልገባህ ጠያቂውን በትሕትና መልሰህ ጠይቀው። ፍለጋው ከቆየብህ «እየፈለግሁ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ብለህ ጻፍ። ዝም ካልክ ጠያቂው የተናቀ ይመስለዋል፤ ጥሎህ ይሄዳል።

እኛ ዘማቾችም ይህን ፊደል ስናስተምር አይተነዋል። «ይህን እንኳ አታውቅም?» ተብሎ አንዴ ያፈረ ሰው፣ ዳግመኛ እጁን አያነሣም።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ዝም ሲል ጠያቂው ምን ያስባል? ለምን?